ከእምብርት በታች ያለው መስመር

ወልዳ የተነሣች ሴት ሆዷን በመቀነት ጠፍራ ስታስር ማየት ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን አራሷን ገንፎና አጥሚት እያበሉ “ሆድሽን እሰሪው፣ ኋላ ይዘረገፋል” ይሏት ነበር። ማሰሪያው ወገብን ይደግፋል፣ ለመነሣትና ለመቀመጥም ያግዛል። ነገር ግን ዘጠኝ ወር የተወጠረ ቆዳ ከልኩ በላይ ተለጥጦ ከቀረ፣ ከሥሩ ያሉት ሁለቱ ቀጥ ያሉ የሆድ ጡንቻዎችም ከመሃል ተራርቀው ከሰነበቱ፣ መቀነት ወደ ቦታቸው አይመልሳቸውም። የተረፈውን ቆዳ ቆርጦ የሚያነሣውን፣ የተራራቀውን ጡንቻ ሰፍቶ የሚያቀራርበውን ቀዶ ሕክምና ዛሬ ብዙ ሰው ታሚ ታክ ይለዋል፤ ሐኪሞች አብዶሚኖፕላስቲ ይሉታል። ስሙ የውበት ሳሎን ስም ቢመስልም መነሻው ሌላ ነው። ሆዳቸው ጭናቸው ላይ ወድቆ መራመድ ያቃታቸው፣ ከእጥፉ ሥር ቆዳቸው እየተላጠ የሚቆስል ሴቶች ናቸው መነሻው። ታሪኩን መተረክ የፈለግሁትም ስለዚህ ነው። ይህን ኦፕራሲዮን ለማድረግ የሚያስቡ እህቶች አብዝተው የሚጠይቁት ስለ ዋጋውና ስለ ፎቶግራፉ ነው። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ግን ከ130 ዓመት በላይ በሌሎች ሴቶች አካል ላይ ተጽፎ የቆየ ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እናገራለሁ።

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሆድን በቢላ መንካት ሞትን መጥራት ነበር። ሕመሙን የሚያደነዝዝ መድኃኒት አልነበረም፤ ከሕመሙ የተረፈም በመመርቀዝ ይሞታል። በ1846 ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም በቦስተን ማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ውስጥ በኤተር በሽተኛ አደንዝዞ ሳይጮህ እንዲቀደድ አደረገ። በ1867 ደግሞ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ማጠብ ከመመርቀዝ እንደሚያድን ጽፎ አሳተመ። ከነዚህ ሁለቱ በፊት ለምቾት ብሎ ሆድ የሚቀድ ሐኪም ሊኖር አይችልም ነበር።

በ1890 ዴማርና ማርክስ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሐኪሞች ከሆድ ላይ የተረፈ ቆዳና ስብ ቆርጠው ማንሣታቸውን ጻፉ። ብዙ ዝርዝር አልተዉልንም፤ የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ግን መቁጠር የሚጀምሩት ከነሱ ነው።

በ1899 ታሪኩ አትላንቲክን ተሻግሮ ባልቲሞር ገባ። የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ያን ጊዜ ከተከፈተ ገና አሥር ዓመቱ ነበር። ሐኪሞቹ የጎማ ጓንት ማድረግ የለመዱትም በዚሁ ሆስፒታል ነው፤ እጇ በጀርም ገዳዩ መድኃኒት እየተላጠ ለተቸገረች አንዲት ነርስ ተብሎ ነበር መጀመሪያ የተሠራው። የማህፀን ሐኪሙ ሃዋርድ ኬሊ ከሆስፒታሉ አራት መሥራች ፕሮፌሰሮች አንዱ ነው። የነደፈው መቆንጠጫ በስሙ እየተጠራ እስከ ዛሬ በየኦፕራሲዮን ክፍሉ ይገኛል። ኬሊ በዚያ ዓመት ከአንዲት ሴት ሆድ ላይ ከጎን እስከ ጎን የሚዘልቅ የቆዳና የስብ ቁራጭ ቆርጦ አነሣ። ለካው፤ ርዝመቱ 90 ሴንቲሜትር፣ ስፋቱ 31፣ ውፍረቱ 7 ሴንቲሜትር። መዘነው፤ 7,450 ግራም። ወራቸውን ጨርሰው የተወለዱ መንታ ሕፃናት አንድ ላይ ቢመዘኑ እንኳ ይህን ያህል የሚሞላቸው ጥቂት ናቸው። መንታ የታቀፈች ሴት ግን ሲደክማት ታስተኛቸዋለች። ይህችኛዋ ሸክሟን ይዛ ትተኛለች፣ ይዛ ትነሣለች፣ ደረጃውንም ይዛው ትወጣለች። ከእጥፉ ሥር ላብ ይጠራቀማል፣ ቆዳው ይረጥባል፣ ይላጣል፣ ይሸታል። ጀርባ በክብደቱ ወደ ፊት ይሳባል። ኬሊ ያደረገውን ማንም ሰው ቅንጦት ሊለው አይችልም።

ኬሊ ከዚያም በኋላ ተመሳሳይ ሕክምና ሠርቶ በ1910 በድጋሚ ጻፈ። አንድ ነገር ግን ጎደለ። ከዚያ ሁሉ ቆዳ ጋር እምብርትም አብሮ ይሄድ ነበር። ሴትዮዋ ሸክሟ ቀለለላት፤ ወደ ታች ስታይ ግን ሆዷ ዓይን እንደሌለው ፊት ነበር። በእኛ ቋንቋ “እትብቴ የተቀበረበት” ሲባል አገር ማለት ነው። ሰው ከእናቱ ጋር የተያያዘበትን ምልክት ከአካሉ ላይ ማጥፋት ምን ያህል እንደሚከብድ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። የፈረንሳይ ሐኪሞችም ነገሩ ሳይታያቸው አልቀረም። በ1905 ጎዴና ሞሬስታን ትልልቅ የእምብርት ሄርኒያ ሲጠግኑ ትርፉን ቆዳ ቆርጠው እምብርቱን ግን አተረፉ። የቀሩት ዓመታት መስመር ፍለጋ ነበሩ። በጀርመን ቫይንሆልድ ቁመታምና አግድም ቁርጦችን አጣመረ፤ በአሜሪካ ባብኮክ በ1916 ከላይ ወደ ታች ቀደደ። ሁሉም ጠባሳውን የት እንደሚያኖሩት ገና አልተስማሙም ነበር።

መሃል ላይ አንደኛው የዓለም ጦርነት ገባ። ከ1917 ጀምሮ ሃሮልድ ጊሊስ በእንግሊዝ ሲድከፕ ከተማ ፊታቸው በጥይትና በፍንጣሪ የተበላ ወታደሮችን ሲያክም ቆዳን ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ከነሕይወቱ ማዘዋወርን ተማረ፤ ለሌሎችም አስተማረ። ቆዳ ያለ ደም ሥር ይሞታል። ከሥሩ የተላቀቀ ቆዳ እንዲተርፍ ደም የሚመጣለት ከየት እንደሆነ ማወቅ ግድ ነው። ይህ ትምህርት ኋላ ወደ ሆድ ኦፕራሲዮን ይመለሳል።

በ1924 በቺካጎ ማክስ ቶሬክ የተባለ የሃንጋሪ ተወላጅ ሐኪም ከእምብርት በታች ያለውን ቆዳና ስብ ብቻ በማንሣት እምብርቱን በቦታው ተወ። ኋላ ደግሞ ቁርጡ ከፍ ማለት ሲኖርበት እምብርቱን ከነዙሪያው ቆርጦ እንደ ችግኝ መልሶ ተከለው። በ1942 ስለ ጡትና ስለ ሆድ ግድግዳ ቀዶ ሕክምና አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው በ1920ዎቹ ግን በፓሪስ አንድ አሳዛኝ ነገር ደረሰ። ሻርል ዱዣርዬ የተባለ ሐኪም የአንዲት ዳንሰኛ ባት እንዲቀጥንላት ስቡን ከቆዳው ሥር በመፋቂያ ፍቆ ለማውጣት ሞከረ። የደም ሥር ተጎዳ፣ እግሯ በጋንግሪን ጠቆረ፣ በመጨረሻም ተቆረጠ። ጤነኛ እግር ይዛ የገባች ሴት እግር አጥታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ስብ በመሣሪያ ፍቆ የማውጣት ሐሳብ ለግማሽ ምእተ ዓመት ያህል ተረስቶ ተቀመጠ።

የእምብርት ነገር መፍትሔውን ያገኘው በ1957 ነው። ቨርነን የተባለ ሐኪም የጻፈው ዘዴ ዛሬም በመላው ዓለም የሚሠራበት በመሆኑ ቀረብ ብለን እንየው። ሐኪሙ ከብልት ጠጉር በላይ፣ ከአንዱ ዳሌ እስከ ሌላው፣ ዝቅ ያለ መስመር ይቀድዳል። ቆዳውንና ስቡን ከጡንቻው ላይ እያላቀቀ ወደ ላይ እስከ ጎድን አጥንት ድረስ ይገፈዋል። እምብርቱ ጋ ሲደርስ ዙሪያውን ብቻ በክብ ቆርጦ ይለቀዋል። እምብርቱ በራሱ ግንድ እንደ እንጉዳይ ጡንቻው ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ከቦታውም አይነቃነቅም። የተገፈፈው ቆዳ ወደ ታች ተስቦ ይወጠርና ትርፉ ይቆረጣል። አሁን እምብርቱ ከቆዳው ሥር ተቀብሯል። ሐኪሙ በጣቱ ዳብሶ ያለበትን ያገኛል፣ ልክ በላዩ ላይ አዲስ ቀዳዳ ይከፍታል፣ እምብርቱን በዚያ አውጥቶ ዙሪያውን ይሰፋዋል። ስለዚህ ኦፕራሲዮኑን ያደረገች ሴት እምብርት የራሷው፣ የተወለደችበት ነው፤ አዲስ የተከፈተው መስኮቱ ነው። ዙሪያውን የሚታየው ቀጭን የክብ ጠባሳም ከዚህ የመጣ ነው።

ከዚያ በኋላ የመሪነቱን ቦታ የያዘችው ብራዚል ናት። በ1946 ፓሪስ ላይ የታየው ቢኪኒ የሚባለው ሁለት ቁራጭ የመዋኛ ልብስ በ1960ዎቹ በሪዮ ዳርቻ የተለመደ ነበር። ሆድን የሚያሳይ ልብስ ጠባሳውን ወደ ታች ገፋው። ኢቮ ፒታንጊ የዚያ ዘመን ታላቅ ሰው ነው። በታኅሣሥ 1961 በኒቴሮይ ከተማ አንድ የሰርከስ ድንኳን ተቃጥሎ ከ500 ሰው በላይ ሲሞት፣ ብዙዎቹም ሕፃናት ነበሩ፣ ፒታንጊ የተቃጠሉትን ቀንና ሌሊት ሲያክም ከረመ። ከሀብታሞቹ ክሊኒኩ ሌላ በሪዮ ሳንታ ካዛ የተባለው የምጽዋት ሆስፒታል ውስጥ ድሆችን የሚያክምበትና ተማሪዎችን የሚያሠለጥንበት ክፍል ነበረው። ድሀም መልኩ ሲጎዳ ያመዋል ብሎ ያምን ነበር፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። በ1967 የ300 ሴቶችን የሆድ ቀዶ ሕክምና ውጤት ሰብስቦ አሳተመ። ጠባሳው ከውስጥ ልብስ በታች የሚደበቅ ነበር፤ የተራራቁት ጡንቻዎችም መሃል ለመሃል ተሰፍተው ይቀራረባሉ። ቆዳ መቁረጥ ብቻ የነበረው ሕክምና የሆድን ግድግዳ የሚጠግን ሕክምና የሆነው በዚህ ዘመን ነው። ብዙ ለወለደች ሴት ትልቁ ጥቅም ይህ ስፌት ነው። ቆዳው ከላይ ቢያምር፣ ጡንቻው ከሥር ተለያይቶ ከቀረ ሆዷ እንደ እርጉዝ ሆድ ወደ ፊት እንደገፋ ይቀራል።

ኦፕራሲዮኑ ተወደደ፣ ተስፋፋም። ያን ጊዜ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ፍሬድሪክ ግሬዘርና ሮበርት ጎልድዊን ሌላው ያልጠየቀውን ጠየቁ፤ ስንት ሰው ተጎዳ? ለሥራ ባልደረቦቻቸው መጠይቅ በትነው መልሱን በ1977 አሳተሙ። 10,490 ኦፕራሲዮኖች ተቆጠሩ። ከነዚያ ውስጥ 17 ሰዎች ሞተዋል። ከ600 ሰው አንድ ገደማ ማለት ነው። በልቶ፣ ጠጥቶ፣ በእግሩ ሄዶ ለገባ ጤነኛ ሰው ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም። ከሁሉ የሚያስፈራው ችግርም ሆድ ላይ አልነበረም። ከ100 ታካሚ አንዱ ያህል እግሩ ውስጥ ደም ይረጋበት ነበር፤ ከዚያም የረጋው ደም ተነቅሎ በልብ በኩል ወደ ሳንባ ሲወጣ የሳንባውን ደም ሥር ይዘጋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ታካሚዋ ለሰዓታት ሳትንቀሳቀስ ትተኛለች። ጡንቻዎቹ ሲጠብቡ በሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደምም ይዘገያል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ስፌቱ እንዳይወጠር ጎንበስ ብላ ነው የምትተኛውም የምትራመደውም። ሕመሙን ፈርታ ከአልጋ ካልወረደች ደግሞ ደሙ ባቷ ውስጥ እንደ ኩሬ ይቆማል። ዛሬ ደህና ሐኪም ታካሚዋን በዚያው ቀን አስነሥቶ የሚያስኬደው፣ በኦፕራሲዮኑ ሰዓት እግሯን የሚጨምቅ መሣሪያ የሚያደርግላት፣ አደጋዋ ከፍ ያለውን ደግሞ ደም የሚያቀጥን መርፌ የሚወጋት ከዚያ ዘመን በተገኘ ትምህርት ነው። የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስድ ወይም ቤተሰቧ ውስጥ የደም መርጋት ያለባት ሴት ይህን ሳትጠየቅ መናገር አለባት።

በ1979 ዊልያም ሁገር የሆድ ቆዳ ደም የሚያገኝባቸውን መንገዶች በክፍል ለይቶ አሳየ። ደሙ በመሃል ከጡንቻው፣ ከታች ከብሽሽት፣ ከጎን ደግሞ ከጎድን አጥንቶች መሃል ይመጣል። በኦፕራሲዮኑ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይቆረጣሉ። ቆዳው የሚኖረው ከጎን በሚመጣው ብቻ ነው። ሲጋራ የምታጨስ ሴት ኒኮቲኑ እነዚያን የቀሩትን ቀጫጭን ደም ሥሮች ስለሚያጠብባቸው ከስፌቱ መሃል በላይ ያለው ቆዳ ጠቁሮ ሊሞት ይችላል። ሐኪሞች ቢያንስ አራት ሳምንት አስቀድሞ ማጨስ ይቁም የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ከዚህ በፊት የሐሞት ከረጢት ወይም ሌላ ኦፕራሲዮን ያደረገች ሰውም ከላይኛው ሆዷ ላይ ያለው አሮጌ ጠባሳ የደሙን መንገድ ቆርጦት ሊሆን ስለሚችል ማሳየት ይገባታል።

በነዚሁ ዓመታት በፓሪስ የተረሳው ሐሳብ በሌላ መልክ ተመለሰ። በ1970ዎቹ አጋማሽ አርፓድና ጆርጆ ፊሸር በሮም፣ በ1977 ኢቭ ዠራር ኢሉዝ በፓሪስ ስብን በቀጭን ቱቦ መምጠጥ ጀመሩ። ኢሉዝ የቱቦውን ጫፍ አዶለዶመው፤ ደም ሥር የሚቆርጥ ስለት አልነበረውም። በ1985 አሜሪካዊው ጄፍሪ ክላይን ማደንዘዣና ደም ሥር የሚያጠብብ መድኃኒት የተቀላቀለበት ብዙ ፈሳሽ አስቀድሞ በመርጨት ደም መፍሰሱን እጅግ ቀነሰው። ላይፖሰክሽን የተባለው ይህ ነው። ብዙ ሰው ከታሚ ታክ ጋር ያምታታዋል። መምጠጡ ስብ ይቀንሳል እንጂ የላላ ቆዳ አይቆርጥም፣ ጡንቻም አይሰፋም። እንዲያውም ቆዳው ለተለጠጠ ሰው ስቡ ብቻ ሲወጣ የባሰ ሊንጠለጠል ይችላል።

በ1982 የአትላንታው ካርል ሃርትራምፍ ያደረገው ከታሪኩ ሁሉ ልቤን የሚነካው ነው። በካንሰር ምክንያት ጡታቸው ለተቆረጠ ሴቶች ይህ የሚጣለው የሆድ ቆዳና ስብ ከነደም ሥሩ ወደ ደረት ወጥቶ ጡት ሆኖ እንዲቀረጽ አደረገ። እስከዚያ ቀን ትርፍ ሲባል የነበረው የጎደለውን ሞላ። ይህ ግን አንድ ነገር ያስጠነቅቃል። ታሚ ታክ ያደረገች ሴት ያን ቆዳ አንዴ ስለጣለችው ኋላ ካንሰር ቢገጥማት በዚህ መንገድ ልትጠቀምበት አትችልም። በዘሯ የጡት ካንሰር ያለባት ከመወሰኗ በፊት ልታስብበት ይገባል።

በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ጨጓራን የሚያሳንሱ ኦፕራሲዮኖች ሲበዙ ሃምሳ፣ ስድሳ ኪሎ የቀነሱ ሰዎች የተንጠለጠለ ቆዳ ይዘው መጡ፤ ቀዶ ሕክምናው ወደ ኬሊ ሴትዮ ተመለሰ ማለት ይቻላል። ከቆዳው ሥር ፈሳሽ የመጠራቀሙን ችግር፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያጋጥመው እሱ ነው፣ ለመቀነስ በ2000 የዳላስ ሐኪሞች የሆኑት ፖሎኮች ቆዳውን ከጡንቻው ጋር ደረጃ በደረጃ መስፋትን አስተዋወቁ። በ2001 ብራዚላዊው ኦስቫልዶ ሳልዳኛ ደም ሥሮቹን እያዳነ መምጠጡንና መቁረጡን በአንድነት የሚሠራበትን ዘዴ ጻፈ።

በኅዳር 2007 የራፐሩ ካንዬ ዌስት እናት፣ የእንግሊዝኛ መምህርት የነበሩት ዶክተር ዶንዳ ዌስት፣ በካሊፎርኒያ የውበት ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ማግስት አረፉ፤ 58 ዓመታቸው ነበር። የልብ ደም ሥር ሕመም እንደነበረባቸው በምርመራ ታወቀ። በ2009 ካሊፎርኒያ ማንም ሰው ለውበት ቢላ ሥር ከመግባቱ በፊት አካላዊ ምርመራ እንዲደረግለት የሚያስገድድ በስማቸው የተጠራ ሕግ አወጣች። ይህን ለማዘዝ ሕግ ማስፈለጉ ያሳዝነኛል።

ዋጋ ፍለጋ ድንበር መሻገርም የራሱን ሙታን አመጣ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2024 እንዳወጣው ከ2009 እስከ 2022 በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የውበት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 93 አሜሪካውያን ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ያው በ1977 የተቆጠረው የደም መርጋት ነው፤ ሌላው ወደ ሳንባ የገባ ስብ። በብዙዎቹ ላይ ከአንድ በላይ ኦፕራሲዮን በአንድ ቀን ተሠርቶባቸዋል። በ2023 ደግሞ በሜክሲኮዋ ማታሞሮስ በጀርባ በሚሰጥ የተበከለ ማደንዘዣ ምክንያት በአንጎል ሽፋን ላይ የፈንገስ በሽታ ተነሥቶ ታካሚዎች ሞቱ። ከእኛም ሰዎች ለዚሁ ብለው ወደ ቱርክ የሚሄዱ አሉ። ወደዚያ መሄድን አላወግዝም፤ ጥሩ ሐኪም በየአገሩ አለ። ግን ከኦፕራሲዮን በኋላ ባሉት ቀናት ለሰዓታት አውሮፕላን ላይ ተቆራምቶ መቀመጥ ለደም መርጋት በር ይከፍታል፤ ቁስሉ ቢከፈትም የሰፋው ሐኪም ሌላ አህጉር ላይ ነው።

ዛሬ ኦፕራሲዮኑ ከሁለት እስከ አምስት ሰዓት ይወስዳል። ጠባሳው ከዳሌ እስከ ዳሌ ነው፤ እየደበዘዘ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም። ከእምብርት በታች ያለው ቆዳ ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል። ለስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር አይነሣም፤ ሕፃን ልጅንም ጭምር። ክብደት መቀነሻ አይደለም፤ ሐኪሞች ክብደቷ ለወራት የረጋ ሴት ይመርጣሉ። ገና ለመውለድ የምታስብም ብትቆይ ይሻላታል፤ ጡንቻው ቢሰፋም እርግዝናው መልሶ ይለጥጠዋል።

አንድ ነገር ለቤተሰብ ልናገር። ብዙዎች ይህን ኦፕራሲዮን በምስጢር ያደርጉታል፤ ለባል ወይም ለእናት “ትንሽ አሞኝ ነው” ብለው ይተኛሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ባቷ ብቻ ካበጠ ወይም ካመማት፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠራት፣ ስትተነፍስ ደረቷን ከወጋት፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። በዚያው ሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት፤ ኦፕራሲዮን ማድረጓንም በሩ ላይ ሳትደብቁ ተናገሩ።